የምታስለው ልጅ ወንበር

«የታመመው ማሽኑ አይደለም፤ ልጅቷ ናት» የሚለው ድምፅ ከሳሎኑ ስስ ግድግዳ አልፎ ማድ ቤት ሲደርስ መምህርቷ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋው ዳቦው መካከል ቆመ። ተናጋሪው የእኅቷ ባል ናቸው፤ በዚህ ቤት ጋሼ የምትላቸው፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ርዕሰ መምህር እያለች ከመቀመጫዋ የምትነሣላቸው ሰው። በስልክ ሲነጋገሩ የመጮኽ ልማድ አላቸው፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው በራቀ ቁጥር ጆሮው የሚደፈን ይመስላቸዋል። «አዎን፣ እናቷ ነሽ አይደል? ስሚኝ እኅቴ፤ ልጅሽ ለእንጨት ሥራ አልተፈጠረችም። ሳንባዋ ደካማ ነው። የሚያስል ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እንግዳ አይቀበልም። ዛሬ ነዪና ወደ ጽሕፈት ክፍል አዛውሪያት። እዚያ አቧራ የለም፤ ተቀምጣ ትማራለች።» እናትየዋ ምን እንደመለሰች አልተሰማም፤ ምናልባት እሺ ብላለች፤ ምናልባትም ምንም አላለችም። ርዕሰ መምህሩ «ጎሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እኅቷ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ሻይ ትቀዳ ነበር። እርሷም ሰምታለች፤ የሻዩ ክር ለአፍታ ከብርጭቆው አፍ ስቶ ሰሐኑ ላይ ፈሰሰ። ቃል ግን አልተነፈሰችም። ይህች ሴት ልብስ ሰፊ ናት፤ በረንዳው ላይ ባቆመችው የስፌት መኪና የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች፤ በከንፈሮቿ መካከል ሁልጊዜ ስፒል ስለሚኖር አፍን መዝጋት ከሥራዋ ጋር አብሮ የተማረችው ነገር ነው። ጎረቤት ስለ ዝምታዋ ሲያነሣባት «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ታናሽየዋ ግን እድሜዋን ከእንጨት ጋር ያሳለፈች ናትና ይህን ተረት አትወደውም፤ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ዱቄት የሆነ ሳንቃ ብዙ አይታለች።

ለቁርስ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ ለዕለቱ ያሠሩትን ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ፍርፋሪ እንዳያርፍበት መሐረብ ከአንገታቸው ሥር ሰክተዋል። ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያንን ሣጥን ዛሬ ጠዋት አንሺው» አሉ።

«የቱን ሣጥን፣ ጋሼ?»

«ስንት ሣጥን አለሽ? ማሽኑን የቀበርሽበትን ነዋ። የሚመጡት እንግዶች ማሽኑን የሰጡን ሰዎች ናቸው። የሰጡትን ነገር ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድሞ ያገኙታል?»

«ሣጥኑ መስኮት አለው። በመስኮቱ ይታያል።»

«መስኮት ያለው ሬሳ ሣጥን ደግሞ የሀብታም ነው» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሣቁ። ማንም አላጀባቸውም። «ከሣጥኑ በፊትም አቧራ ነበረ፤ ማን ሞተ?»

«የምታስለው ልጅስ?»

«ጆሮሽ ረዝሟል» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ መሐረቡን ከአንገታቸው እየነቀሉ። «እንግዲያው እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሣጥኑን ከሠራሽ ወዲህ ልጅቷ ማሳሏን ትታለች?»

አልተወችም። መምህርቷን ከሁሉ በላይ የሚቆጠቁጣት ይህ ነበር። ከማሽኑ ፊት የሚቀመጡት ተማሪዎች ሣጥኑ ከተሠራ ወዲህ ማስነጠሱ ቀርቶላቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከጠረጴዛቸው ላይ የሚጠርጉት አቧራም የለም። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ብቻ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። መምህርቷ ግን በያዘችው ጸናች። «ሣጥኑን አላነሣም፣ ጋሼ።»

እኅቷ ተነሥታ ጠረጴዛውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ሻይ ያልፈሰሰበትን ጥግ ሳይቀር። ርዕሰ መምህሩ የሱፋቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ «ዘበኛው ካቻቢቴ መያዝ አያቅተውም» አሉና ወጡ።

ማሽኑ ሲኤንሲ ራውተር ይባላል። ስፋቱ የምግብ ጠረጴዛ ያህላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተሳለለትን መስመር እየተከተለ የሚሽከረከር ስለታም ቢት ሳንቃውን ይቀርጻል። አናጺ በመሮ ቀኑን ሙሉ የሚደክምበትን ጽሑፍ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጨርሰዋል። ነገር ግን የአናጺ መሮ ፍቅፋቂ ይጥላል እንጂ አቧራ አይነፋም፤ ይህ ቢት ኤምዲኤፍ በሚሉት፣ ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ተጨፍልቆ በሚሠራው ሳንቃ ላይ ሲያርፍ ከዱቄት የላመ ነገር ያወጣል፤ ከባዱ ወለል ላይ ሲወርድ ቀላሉ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የሚተነፈሰውም እርሱ ነው። የማሽኑ ተገቢ ቦታ ወርክሾፑ ነበር። የወርክሾፑ ጣሪያ ያፈሳል፣ ግድግዳውም ጠቁሯል፣ እንግዳ አያስገቡበትም ተባለና ማሽኑ ከመማሪያ ክፍሎች ሁሉ ንጹሕ ወደ ሆነው ክፍል ገባ። በዚህ ዓለም ብዙ ነገር የሚበላሸው ለዓይን እንዲያምር በሚቀመጥበት ቦታ ነው።

አቧራ መሳቢያው ከማሽኑ ጋር አልመጣም፤ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ሲጠየቅ ጠያቂውም ተጠያቂውም ዝም ብለው ተለያዩ። መምህርቷ ያን ጊዜ ሣጥኑን ከተማሪዎቿ ጋር ሠራች። ጎኑና ጣሪያው ከተጣለ ኮምፔንሳቶ፣ የፊት መስኮቱ ከአሮጌ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከወለቀ ፕላስቲክ ነው። በቢቱ ዙሪያ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ እንደ ሻሽ ዘርፍ ሸንሽና አንጠለጠለች፤ ዘርፉ ሳንቃውን እየዳሰሰ ሰጋቱራው እንዳይበተን ይከበዋል። ከዘርፉ ውስጥ የሚወጣው ቱቦ ክዳኑ ጥብቅ ወደ ሆነ ባልዲ ይወርዳል፤ ከባዱ ሰጋቱራ ባልዲው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ይዘቅጣል፤ የቀረውን ቫኪዩም የሚባለው የምንጣፍ አቧራ መምጠጫ ስቦ በጨርቅ ከረጢቱ ያስቀረዋል። ቫኪዩሙን የሰጠቻት እኅቷ ናት። «ውሰጂው፤ እኔ መጥረጊያ አለኝ» ብላ ነበር፤ ከረጢቱንም ከወፍራም ጨርቅ እርሷው ሰፋችው። ርዕሰ መምህሩ ዕቃው ከቤታቸው መጥፋቱን እስከ ዛሬ አላወቁም፤ ምንጣፋቸው በምን እንደሚጠረግ ጠይቀው አያውቁምና። መምህራኑ በሣጥኑ የተነሣ እመት ሣጥን የሚል ስም አወጡላት። እርሷም ስሙን አልጠላችውም፤ ከዚህ የባሰ ስም ያላቸው ብዙዎች በከንቱ ነው ያገኙት።

ቫኪዩሙ ሲጮኽ ትምህርት አያሰማም ነበርና በክፍሉ ውስጥ ከኋላ በኩል በቆመው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችበት። ጩኸቱ ለዘብ አለ፤ ሁሉም ደስ አለው። የምታስለው ልጅ ደግሞ ከማሽኑ እንድትርቅ ተብሎ፣ ሁሉም አዝኖላትና ተስማምቶ፣ ወንበሯ ወደ ክፍሉ ጫፍ፣ ወደዚያው ቁም ሣጥን ጎን ተወሰደ። ወንበሩን ተሸክማ የወሰደችው መምህርቷ ራሷ ነበረች። የምታስለውን ልጅ ጓደኞቿ ሚሊሜትር ይሏታል። አንድ ሰው «እዚህ ገደማ» ብሎ እንጨት ላይ ምልክት ሲያደርግ አይዋጥላትም፤ ማስመሪያዋን ይዛ ትመጣለች።

በዚያ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ነበር። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል፤ የመስኮቶቹ መስታወቶች ትናንት በስቱኮ ተገጥመዋል፤ ከጀርባ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ፕሮጀክተር የርዕሰ መምህሩን ንግግር በሥዕል ያጅባል ተብሎ ተዘጋጅቷል። መምህርቷ ለእንግዶቹ የሚቀረጸውን ሰሌዳ ልትሞክር ማሽኑን በሣጥኑ ውስጥ አስነሣች። በዚያው ፕሮጀክተሩንም መፈተሽ ነበረባትና መጋረጃዎቹን ዘግታ አበራችው። ነጭ የብርሃን ምሰሶ ከጀርባ ተነሥቶ በክፍሉ አናት ላይ ወደ ፊት ተዘረጋ። በማሽኑ ዙሪያ ብርሃኑ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ብናኝ አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ ትላለች። መምህርቷ ደረቷን ነፋች። ርዕሰ መምህሩ እዚህ ቆመው ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እያለች፣ የምትመልስላቸውን ቃል በልቧ እያሰማመረች ወደ ኋላ ዞረች፤ ቃሉም እዚያው ቀረ።

ከቁም ሣጥኑ በር ሥንጥቅ ጢስ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ቤት የተቃጠለ መሰላት። ሮጣ ስትደርስ ግን የሚሸት ነገር የለም። ጢሱ ቀስ ብሎ እየተጥመለመለ ይወጣል፤ በብርሃኑ ውስጥ ሲገባ እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል፤ ከዚያም ታጥፎ በባዶው ወንበር ላይ ይወርዳል። በወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከጀርባዋ፣ በትክክል አንገቷ ላይ፣ የሞቀ ትንፋሽ ተሰማት። የቫኪዩሙ ትንፋሽ ነው። አፉ የጠባውን ከባድ ሰጋቱራ ከረጢቱ ይይዛል፤ ከሁሉ የላመውን ግን የጨርቁ ቀዳዳ አያግደውምና ከኋላው ይተፋዋል። ለሁሉ ይበተን የነበረው አቧራ ተለቅሞ፣ ተጣርቶ፣ በአንዲት ልጅ ማጅራት ላይ ይፈስስ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ጉሮሮዋን ከረከራት፤ አሳለችም። ያን ሳል ታውቀዋለች።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት በጆሮዋ አቃጨለ። ጥፋቱን ያገኘ ሰው ሁለት በር ይከፈትለታል፤ አንዱ ጥፋቱን ሸፍኖ መቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው «እንግዲያው የተቃወመኝ ሰው ልክ ነበረ» ብሎ እጅ መስጠት። መምህርቷ በሁለቱም አልወጣችም። ርዕሰ መምህሩ ልክ አልነበሩም፤ እርሷም ልክ አልነበረችም፤ በዚህ ክፍል ውስጥ እውነቱን ሲናገር የከረመ መሣሪያ ቢኖር የልጅቷ ሳንባ ብቻ ነው። እርሱንም ከክፍል ሊያስወጡት ነው። ይህን ስታስብ እፍረቷ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ቁጣውም ደግ ቁጣ ነበርና እጇን ለሥራ አነሣሣው።

«እመት ሣጥን» አሉ ሽማግሌው ዘበኛ ካቻቢቴ ይዘው በሩ ላይ ብቅ ብለው። «ሣጥንሽን እንድፈታ ታዝዣለሁ። አትቀየሚኝ።»

«ካቻቢቴ ይዘው መምጣትዎ መልካም ነው፣ አባባ። መጀመሪያ ይህን መስታወት እናውጣ።»

«የትኛውን? ትናንት የተገጠመውን? እኔ እኮ ደመወዝ የሚከፈለኝ መስታወት እንዳይነካ ነው።»

«አንሰብረውም። በክብር እናወጣዋለን።»

«ሌባም የሚለው እንደዚሁ ነው» አሉ ዘበኛው።

አልተከራከረቻቸውም፤ ወንበሩን ጎተት አድርጋ «ይቀመጡ፣ ይረፉ» አለቻቸው። ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው አንገታቸውን አሻሹ፣ አስነጠሱ፣ ዞር ብለው ወደ ቁም ሣጥኑ አዩ፤ በብርሃኑ ውስጥ የሚጨፍረውን ነገር አዩ። «ያቺ ልጅ የምትቀመጥበት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አዎን አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ደመወዛቸው አላነሡም፤ ስቱኮው ገና እርጥብ ነበርና በካቻቢቴው ጫፍ እንደ ሰም ላጡት። በመስታወቱ ቦታ ክብ ቀዳዳ ያለው ኮምፔንሳቶ ገጠሙ፤ ከቫኪዩሙ ጀርባ የተነሣው ቱቦ በቀዳዳው አልፎ ማንም ወደማይተላለፍበት የጓሮ አጥር ወጣ። መምህርቷ ማሽኑን ደግማ አስነሣች። ከቁም ሣጥኑ ምንም አልወጣም። ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ታጠበ መስታወት ሆነ።

«ሣጥኑንስ እንዴት ላድርገው?» አሉ ዘበኛው፣ በካቻቢቴው እጀታ ራሳቸውን እያከኩ።

መምህርቷ ቀና ብላ ፕሮጀክተሩን ተመለከተች። «እርስዎ ታዘዋል፤ ይፍቱት» አለች በመጨረሻ። «እኔ አልፈታም። ብሎኖቹን ግን ለእኔ ይስጡኝ።»

እናትና ልጅ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እናትየዋ በጭኗ ላይ የያዘችውን ቦርሳ ሰው እንዳይወስድባት በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ በውስጡ ግን የልጅቷ ማስመሪያና የምሳ ዕቃ ብቻ ነበር። «አትድከሚ መምህርት» አለች። «ነገሩ አልቋል። ከትልቅ ሰው ጋር መላተም ለእኛ አይበጀንም። ጽሕፈትም ትምህርት ነው።»

«ልጅሽን የጎዳኋት እኔ ነኝ» አለች መምህርቷ። እናትየዋ ቀና አለች። መምህርቷም ስለ ቁም ሣጥኑ፣ ስለ ቫኪዩሙና ስለ ወንበሩ ያየችውን ሁሉ ሳትቀንስ ነገረቻት። ይህን ስትናገር ልጅቷን እንጂ እናትየዋን አላየችም።

«አንገቴን ይሞቀኝ ነበር» አለች ሚሊሜትር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለእኔ ብላችሁ ነው ያስቀመጣችሁኝ።»

የደግ ሰው ስሕተት ከክፉ ሰው ስሕተት የሚከፋው በዚህ ነው፤ የሚጎዳው ሰው አመስግኖ ይቀመጥበታል። መምህርቷ ወደ እናትየዋ ዞረች። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቂኝ። የመዛወሪያውን ወረቀት እንዳትቀበዪ።»

«ቢሰጡኝስ? እጄን ልሰብስብ?»

«እጅሽ ላይ ሌላ ነገር ያዢ።»

ከቀትር በኋላ እንግዶቹ መጡ። ዋናዋ እንግዳ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ በየሄዱበት ንግግር ሰምተው የሰለቻቸው የሚመስሉ ሴት ነበሩ፤ ሌሎቹ እርሳቸው ሲቆሙ ይቆማሉ፣ ሲቀመጡ ይቀመጣሉ። ማሽኑ ሣጥኑን ተገፍፎ፣ ተወልውሎ፣ እንደ ሙሽራ በክፍሉ ፊት ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ በአጠገቡ ሆነው መጠቆሚያ በትር ይዘዋል። መጋረጃዎቹ ተዘግተዋል፤ በፕሮጀክተሩ ብርሃን የትምህርት ቤቱ ሥዕሎች በግድግዳው ላይ ይተላለፋሉ። «እንግዲህ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ «መምህርታችን ማሽኑን አስነሥታ ታሳየናለች።»

መምህርቷ ከማብሪያው አጠገብ ቆማ ነበር። «ተማሪዎቹ ይውጡ» አለች።

«ተማሪዎቹ እኮ መታየት አለባቸው።»

«ሣጥን በሌለው ማሽን ፊት አይቀመጡም። እነርሱ ከወጡ አስነሣዋለሁ፤ ካልወጡ አላስነሣም።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ትእዛዝ የለመደ ሰው በጩኸት አይደነግጥም፤ ጸጥ ያለ እምቢታ ግን ምን ሊያደርገው እንደሚገባ ይጠፋዋል። ርዕሰ መምህሩ በእንግዶቹ ፊት ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ተማሪዎቹም ተንጋግተው ወጥተው በመተላለፊያው ቆሙ። በክፍሉ የቀሩት ሱፍና ከረባት የለበሱት ብቻ ሆኑ። መምህርቷ ማብሪያውን ተጫነች።

ቢቱ ሳንቃው ላይ ሲያርፍ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፤ ከጩኸቱ ቀጥሎ አቧራው ተነሣ። በተራ ቀን ቢሆን ማንም ባላየው፤ አቧራ ሰው የሚተነፍሰው በማያየው ጊዜ ነውና። አሁን ግን ብርሃኑ ነበረ። የትምህርት ቤቱ አጥርና ሰንደቅ በግድግዳው ላይ ደበዘዙ፤ በብርሃኑ መንገድ ላይ ቡናማ ደመና እየተንከባለለ ወደ ወንበሮቹ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ከሁሉም ይልቅ ቅርብ ነበሩ። ስለ ዘመናዊ ትምህርት መናገራቸውን አላቋረጡም፤ ግራጫው ሱፋቸው ግን ቀለሙን እየለወጠ ነበር፤ «ትውልድ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። አንዱ እንግዳ መሐረብ አወጣ፤ ሌላው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ዋናዋ እንግዳ መነጽራቸውን አውልቀው በጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዛሬ ትንሽ...» አሉ ርዕሰ መምህሩ፤ ሳሉ አላስጨረሳቸውም።

«ሣጥኑ ሲነሣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች መምህርቷ፤ ማሽኑንም አጠፋችው። ብሎኖቹን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ዘበኛው ከመተላለፊያው ገብተው የሣጥኑን አንድ ጎን ያዙ፤ ሌላውን ለመያዝ ሰው ሲያጡ ከበሩ ላይ የቆመችው እናት ቦርሳዋን ለልጇ ሰጥታ ገባች። መስኮቶቹ ተከፈቱ፤ አየሩ እስኪጠራም ተጠበቀ። ከዚያ ተማሪዎቹ ተጠሩ፤ ማሽኑም በሣጥኑ ውስጥ ተነሣ። ብርሃኑ ጠርቶ ቆየ። ዋናዋ እንግዳ ስለ ባልዲው ሲጠይቁ ማስመሪያዋን የያዘች ልጅ ብድግ ብላ፣ ከባዱ እዚህ እንደሚቀር፣ ቀላሉ በዚያ መስኮት እንደሚወጣ አስረዳቻቸው። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ሄደው ቱቦውን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ሻይ አለ ብላችሁኝ ነበር» አሉ። ምስጋናም ወቀሳም አልጨመሩም። መምህርቷም አልጠበቀችም።

እንግዶቹ ሻይ ላይ ሳሉ ርዕሰ መምህሩ በመተላለፊያው ያዟት። «ያዋረድሽው እኔን ብቻ አይደለም» አሉ፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «የእኅትሽን ቤት ነው። እንጀራ የምትበዪበትን ቤት።»

«ሣጥኑን ያስፈታሁት እኔ አይደለሁም፣ ርዕሰ መምህር።»

«ውሳኔዬ አይለወጥም።» ከኪሳቸው የመዛወሪያውን ወረቀት አውጥተው በአጠገባቸው ለቆመችው እናት ዘረጉላት። እናትየዋ ሰጋቱራው ሲደፋ የተከፈተውን የባልዲውን ክዳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋ ነበር። «እጄ አልተመቸኝም፣ ጌታዬ» አለች። ወረቀቱ ጥቂት አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ተመልሶ ኪስ ገባ። ርዕሰ መምህሩ፣ «ነገ ያቺ ልጅ በዚያ ክፍል እንዳትታይ» ብለው እያሳሉ ሄዱ።

ማታ ራቱ ሾርባና ዳቦ ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ ማንኪያና ሳል ብቻ ይሰማል። ርዕሰ መምህሩ አንድ ማንኪያ ያነሣሉ፤ ሳሉ ይመጣል፤ ያስቀምጣሉ። ሱፋቸው በረንዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እኅቷ ስታራግፈው የወጣው አቧራ በስፌት መኪናዋ ላይ ሰፍሯል። መምህርቷ የምትባለውን ጠበቀች፤ በትምህርት ቤት ያልተነገረው ሁሉ እዚህ እንደሚነገር ታውቃለች፤ መልሷንም አዘጋጅታለች፤ ቢያስፈልግ ልብሷን ጠቅልላ ለመውጣትም ቆርጣለች። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በዚህ ቤት» ብለው ጀመሩ፤ ሳሉም ቀሪውን ወሰደው።

ያን ጊዜ እኅቷ ተነሣች። የባሏን ሰሐን አነሣች፣ ማንኪያውን ላዩ ላይ አደረገች፣ ዳቦውን ከጎኑ አስቀመጠች፤ ይዛውም ወደ በረንዳው ወጣች። ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሾርባዬን የት ወሰድሽው?» አሉ።

«የሚያስል ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እንግዳ አይቀበልም ብለህ የለ? ጠዋት በስልክ ስትናገር ሰምቼሃለሁ።» ድምፅዋ እንደ ዘወትሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ በከንፈሮቿ መካከል ግን ስፒል አልነበረም። «ሳንባህ ደካማ ነው። እዚያ አቧራ የለም፤ ተቀምጠህ ትበላለህ።»

መምህርቷ ሣቋን በዳቦ አፈነችው። ርዕሰ መምህሩ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ በቤታቸው ውስጥ ያልነበረ ዕቃ ድንገት ቆሞ እንዳገኙ ሁሉ። መቆጣት ይችሉ ነበር፤ ለመቆጣት ግን ትንፋሽ ያስፈልጋል። ተነሡ፣ ወጡ፤ በስፌት መኪናው ፊት ባለችው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። በመስኮቱ በኩል ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ሳሉ እየራቀ፣ እየቀለለ ሄደ፤ የማንኪያው ድምፅ ተሰማ። እኅትማማቾቹ ዳቦውን ተካፍለው በሉ።

«በክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ያየሁት ቫኪዩም የእኛ አይደለም እንዴ?» የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

«የእኛ ነበር» አለች ሚስታቸው።

ሰሐኑ ሲፋቅ ተሰማ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ እንዳዞሩ፣ ለጨለማው የሚናገሩ ይመስል፣ «ነገ ልጅቷን ከፊት አስቀምጪያት» አሉ።

መምህርቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ምስጋና የሚጠበቅበት ቦታ እንደሆነ ታውቃለች፤ እድሜዋን ሙሉ በእንደዚህ ያለ ቦታ ላይ አመስግናለች። «የት እንደምትቀመጥ እርሷ ትመርጣለች፣ ጋሼ» አለች።

እኅቷ ተነሣችና የበረንዳውን በር ከፈተችው። «ግባ እንግዲህ፤ ሻይ ቀርቧል» አለች። «ሳሉ እስኪለቅህ ግን ከመስኮቱ አጠገብ ነህ።»